ግሌንዴል፣ ካዮቲስና «የአስተዳደር ክፍያ» የሚባለው ነገር

በአሪዞና ግዛት ከፊኒክስ በስተምዕራብ ያለችው የግሌንዴል ከተማ ምክር ቤት ጁላይ 2 ቀን 2013 በ4 ለ3 ድምፅ አንድ ውል አጸደቀ። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ገንዘቡም የአሜሪካ ዶላር ነው።) በውሉ መሠረት ከተማዋ ፊኒክስ ካዮቲስ የተባለውን የበረዶ ሆኪ ቡድን ለሚገዙ ባለሀብቶች በየዓመቱ 15 ሚሊዮን፣ በ15 ዓመት 225 ሚሊዮን ልትከፍል ተስማማች። ወረቀቱ ላይ ድጎማ የሚል ቃል የለም። ክፍያው የከተማዋ ንብረት የሆነውን አሬና (ቡድኑ የሚጫወትበትን ጣሪያ ያለው ስታዲየም) ለማስተዳደር የሚሰጥ የአገልግሎት ዋጋ ነው ተብሏል። ከተማዋ ግን ለዚሁ ሥራ በበጀቷ ይዛ የነበረው 6 ሚሊዮን ነው። የቀረው 9 ሚሊዮን የምን ዋጋ ነው?

ቡድን ለማቆየት የሕዝብ ገንዘብ ሲጠየቅ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ «ቡድኑ ለከተማው ይጠቅማል፣ አይጠቅምም» በሚለው ላይ ይሽከረከራል። እኔ ያንን ለጊዜው ትቼ ውሉን ማንበብ ይቀናኛል። የካዮቲስ ጉዳይ ለዚህ ይመቻል፤ የሕዝብ ገንዘብ ወደ ግል ቡድን ካዝና ሊገባ የሚችልባቸው መንገዶች ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ አንድ ቡድን ላይ ተሞክረዋል።

ቡድኑ ወደ በረሃ የመጣው በ1996 ከካናዳዋ ዊኒፔግ ነው። እዚያም ቢሆን በሕዝብ ገንዘብ ነበር የሚተነፍሰው፤ ዊኒፔግ ያለችበት የማኒቶባ ክፍለ ሀገር መንግሥትና ራሷ ከተማዋ በ1991 በገቡት ስምምነት እስከሄደበት ዓመት ድረስ ኪሳራውን ይሸፍኑለት ነበር። ትኬት የሚሸጠው በካናዳ ዶላር፣ ተጫዋች የሚከፈለው በአሜሪካ ዶላር ነበርና በዚያን ጊዜው ምንዛሪ ሂሳቡ የሚገጥም አልነበረም። ፊኒክስ ሲደርስ ደግሞ የተሰጠው ቤት ለቅርጫት ኳስ የተሠራ ሆነ። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 94 በ50 ጫማ ሲሆን የሆኪ በረዶ 200 በ85 ነው። በረዶው ሲነጠፍ አንዱ ጫፍ ከላይኛው ፎቅ ወንበሮች ሥር ገብቶ ተደበቀ፤ እዚያ የተቀመጠ ተመልካች አንደኛውን ግብ ማየት አይችልም ነበር። ስለዚህ ቡድኑ ገና ከመድረሱ የራሱን ቤት መፈለግ ጀመረ። መጀመሪያ የታሰበው በስተምሥራቅ ባለችው ስኮትስዴል ነበር፤ ያ ሲከሽፍ ግሌንዴል እጇን ዘረጋች።

አሬናው በዲሴምበር 2003 ተከፈተ። ዋጋው 220 ሚሊዮን ሲሆን 180ው የከተማዋ ነው፤ ያውም በቦንድ ተበድራ። ስሌቱ እንዲህ ነበር፦ ከአሬናው ጎን ዌስትጌት የሚባል የሱቅ፣ የሬስቶራንትና የመኖሪያ መንደር ይሠራል፤ ሆኪ ሊያይ የመጣ ሰው እዚያ ይበላል፣ ይገዛል፤ ከሚከፍለው የሽያጭ ታክስ የቦንዱ ዕዳ ይወራረዳል። ሁለት ነገር አልታየም። አንደኛው መንገዱ ነው። ትኬት የመግዛት አቅም ያለው ደንበኛ በብዛት የሚኖረው በሜትሮፖሊታኑ ምሥራቃዊ ክፍል ነው፤ ጨዋታ ደግሞ በሥራ ቀን ማታ 1 ሰዓት ላይ ይጀመራል። ከሥራ የወጣ ሰው በመውጫ ሰዓት መጨናነቅ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ መድረስ አለበት። ሁለተኛው 2008 ነው። የቤት ገበያው ሲወድቅ ዌስትጌትም ወደቀ፤ በ2011 ዋናው ክፍል በባንክ ዕዳ ለጨረታ ቀረበ። ዕዳውን ይከፍላል የተባለው መንደር ራሱ ዕዳ ተያዘበት።

ወለሉና ጣሪያው

ቡድኑ ለምን ይከስር እንደነበረ ለማየት የሆኪ ሊጉን፣ ኤንኤችኤልን፣ የደመወዝ ሥርዓት ማወቅ ይጠይቃል። ሊጉ የ2004–05ን የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ ከሰረዘ በኋላ የደመወዝ ጣሪያ አበጀ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ጣሪያውን ነው፤ ትንሹን ቡድን የሚገድለው ግን ወለሉ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ለተጫዋች ደመወዝ ከተወሰነ መጠን በታች ማውጣት አይችልም። ጣሪያውም ወለሉም የሚሰላው ከሊጉ ጠቅላላ ገቢ ነው። ቶሮንቶና ኒውዮርክ ገቢያቸው ሲያድግ፣ የካናዳ ዶላርም ሲጠነክር፣ ወለሉ ለሁሉም አብሮ ይነሳል። በ2005–06 ጣሪያው 39 ሚሊዮን ነበር። በ2009–10 ወለሉ 40.8 ሚሊዮን ደረሰ። በአራት ዓመት ውስጥ ድሃው ቡድን በግዴታ የሚያወጣው ገንዘብ ሀብታሙ ቀድሞ ከተፈቀደለት ከፍተኛ መጠን በለጠ ማለት ነው።

አሁን ይህን ከአሬናው ጋር እናስተያየው። በመደበኛው ውድድር አንድ ቡድን በሜዳው 41 ጨዋታ ያደርጋል። 40.8 ሚሊዮኑ ለ41 ሲካፈል በጨዋታ አንድ ሚሊዮን ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ካዮቲስ በዚያ ዓመት በአማካይ ያስመዘገበው ተመልካች 11,989 ነበር፤ ከሊጉ ሁሉ ዝቅተኛው። ለተጫዋች ደመወዝ ብቻ ከእያንዳንዱ ተመልካች 83 ዶላር ገደማ መገኘት ነበረበት፤ በነፃ ወይም በቅናሽ የገባውንም ጨምሮ ነው። ጉዞ፣ አሠልጣኝ፣ መድን፣ በረዶ ማቀዝቀዣ፣ የብድር ወለድ ገና አልተነኩም። ቡድኑ ያን ዓመት ጥሩ ተጫውቶ ለጥሎ ማለፍ ማለፉ ሂሳቡን የሚያድነው አልነበረም። «ቢያሸንፉ ሰው ይመጣል» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ውሃ አያነሳም።

ኪሳራው ፍርድ ቤት ሲደርስ

በሜይ 2009 የቡድኑ ባለቤት፣ በጭነት መኪና ሥራ የሚታወቁት ጄሪ ሞይስ፣ ቡድኑን ለኪሳራ ፍርድ ቤት አስረከቡ። ብላክቤሪን ከሚሠራው ኩባንያ መሪዎች አንዱ የነበሩት ካናዳዊው ጂም ባልሲሊ 212.5 ሚሊዮን አቀረቡ፤ ኋላም ወደ 242.5 አሳደጉት። ቅድመ ሁኔታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ቡድኑ ኦንታሪዮ ውስጥ ወዳለችው ሃሚልተን ይዛወራል። ሊጉ አይሆንም አለ። ዳኛ ሬድፊልድ ባም በስተመጨረሻ የባልሲሊንም የሊጉንም ጨረታ ውድቅ አደረጉ፤ ከዚያ ሊጉ ጨረታውን አስተካክሎ በ140 ሚሊዮን ቡድኑን ራሱ ገዛው።

በዚህ መሐል ግሌንዴልን የሚመለከተው ነጥብ ብዙም አልተወራበትም። ከተማዋ ከቡድኑ ጋር የ30 ዓመት የኪራይ ውል ነበራት፤ 180 ሚሊዮን የተበደረችውም ያንን ውል ተማምና ነው። የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ግን ከሳሪው ድርጅት የማይጠቅመውን ውል እንዲጥል ይፈቅድለታል። ውሉ ሲጣል ሌላው ወገን የጉዳት ካሳ መጠየቅ ይችላል፤ ሆኖም ጥያቄው ዋስትና የሌላቸው ገንዘብ ጠያቂዎች ወረፋ ውስጥ ነው የሚገባው፤ የሚደርሰው ደግሞ ፍርፋሪ ነው። ሊጉ ቡድኑን ሲገዛ የ30 ዓመቱን ውል አልተረከበም። ስለዚህ «ለ30 ዓመት አትሄድም» የሚል አንቀጽ ያለው ሰው ማረጋገጥ ያለበት ፈራሚው ማን እንደሆነ ነው። ፈራሚው ቡድኑን ብቻ የያዘ፣ ሌላ ሀብት የሌለው ድርጅት ከሆነ አንቀጹ የሚቆየው ድርጅቱ እስኪከስር ድረስ ነው። የባለሀብቱ የግል ዋስትና፣ የባንክ ዋስትና ደብዳቤ ወይም በዝግ ሂሳብ የተቀመጠ ገንዘብ ከሌለ ዓመቱ 30 ቢባል 50 ለውጥ የለውም።

ከዚያ በኋላ የግሌንዴል ድርድር ከቡድን ጋር መሆኑ ቀረ። ከራሷ ዕዳ ጋር ሆነ። አሬናው ባዶ ቢቀርም የቦንዱ ክፍያ አይቆምም፤ ለገዢው ደግሞ ይህ ግልጽ ነበር። ሊጉ ራሱ የቡድኑ ባለቤት ሆኖ «ኪሳራዬን ካልሸፈናችሁልኝ ዊኒፔግ እወስደዋለሁ» የሚል አቋም ያዘ። ከተማዋ በ2010 25 ሚሊዮን፣ በ2011 ሌላ 25 ሚሊዮን ለመክፈል ተስማማች። ገንዘቡን ለማሟላት ከውሃና ፍሳሽ፣ ከቆሻሻ ማንሻ ሂሳቦች እስከመበደር ደረሰች። «ካፈርኩ አይመልሰኝ» የሚባለው ይህ ነው፤ በመጀመሪያው 180 ላይ 50 ሲጨመር፣ ያንን ለማዳን ተብሎ ሌላ ሲጨመር። ዊኒፔግ ግን በ2011 የአትላንታን ቡድን ወስዳ ረካች። ያ ማስፈራሪያ ከጨዋታ ወጣ፤ ክፍያው ግን አልተመለሰም።

የፓርኪንጉ ዘዴ

ከሁሉ የሚገርመኝ የዲሴምበር 2010ሩ ዕቅድ ነው። የቺካጎው ባለሀብት ማቲው ሃልሳይዘር ቡድኑን ሊገዙ መጡ፤ ምክር ቤቱም ሁለት ክፍያ አጸደቀላቸው። አንደኛው ለአምስት ዓመት ተኩል አሬናውን ለማስተዳደር 97 ሚሊዮን፤ ሁለተኛው በአሬናው ዙሪያ ያለውን መኪና ማቆሚያ የማስከፈል መብት ከእሳቸው ለመግዛት 100 ሚሊዮን። ገዢው ገና ያልገዛውን ቡድን ይዞ ለከተማዋ ፓርኪንግ ይሸጥላታል፤ ከተማዋ የምትከፍለው ገንዘብ ደግሞ ቡድኑን መግዣ ይሆናል። መብቱ ቀድሞውንም የከተማዋ አልነበረም ወይ የሚለው ጥያቄ ራሱ መልስ ያላገኘ ነበር።

ጎልድዋተር ኢንስቲትዩት የተባለው የፊኒክስ ተቋም የአሪዞናን ሕገ መንግሥት ይዞ ተነሳ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ክፍል 7 ከተማ ለግለሰብም ሆነ ለኩባንያ ስጦታ ወይም ድጎማ እንዳይሰጥ፣ የመበደር አቅሙንም እንዳያውስ ይከለክላል። በጃንዋሪ 2010 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ የፓርኪንግ ጉዳይ አንድ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። የፊኒክስ ከተማ «ሲቲኖርዝ» ለተባለ የገበያ ማዕከል ገንቢ እስከ 97.4 ሚሊዮን ልትከፍል ተስማምታ ኖሮ፣ ፍርድ ቤቱ የወደፊት መመዘኛ አስቀመጠ፦ ከተማዋ የምትከፍለው ካገኘችው ነገር ዋጋ ጋር እጅግ የማይመጣጠን መሆን የለበትም፤ ያገኘችው ሲመዘን ደግሞ የሚቆጠረው ሌላው ወገን በውሉ ግዴታ የገባበት ብቻ ነው። «ታክስ ይገኝበታል፣ ሥራ ይፈጠራል» የሚለው ተዘዋዋሪ ጥቅም ከሚዛኑ ወረደ። ለግሌንዴል ይህ ከባድ ነበር፤ የሙሉ ክርክሯ ምሰሶ ያ ተዘዋዋሪ ጥቅም ነውና።

ጎልድዋተር ክስ መመሥረት እንኳ አላስፈለገውም። ቦንድ ሲሸጥ ለገዢዎች የሚሰጥ ሰነድ አለ፤ ያንዣበበ ክስ ካለ እዚያ ላይ መገለጽ አለበት። ሕገወጥ ነው ሊባል የሚችል ቦንድ የሚገዛ ሰው ወይ ከፍ ያለ ወለድ ይጠይቃል ወይ ይሸሻል። ቦንዱ ሳይሸጥ ወራት አለፉ፤ ሃልሳይዘር በጁን 2011 ተዉት። እንዲህ ያለ ውል ለማስቆም የሚፈልግ ዜጋ ከምክር ቤቱ ስብሰባ ይልቅ የቦንዱን ቀን መቁጠሪያ ቢከታተል ይሻለዋል፤ ተጋላጭ የሆነው ሰዓት ገንዘቡ ከገበያ ሊሰበሰብ ሲል ነው።

ቀጥለው የመጡት ሳን ሆዜ ሻርክስ የተባለው ሆኪ ቡድን የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ግሬግ ጄሚሰን ናቸው። ምክር ቤቱ ለእሳቸውም የ20 ዓመት ውል አጸደቀ፤ የተቀመጠላቸው ጃንዋሪ 31 ቀን 2013 ሲደርስ ግን የግዢውን ገንዘብ አላሟሉም።

ዘጠኙ ሚሊዮን

ወደ 2013 ስንመለስ፣ ገዢዎቹ በጆርጅ ጎስቢና በአንቶኒ ለብላንክ የሚመሩ ባለሀብቶች ሲሆኑ የግዢው ዋጋ 170 ሚሊዮን ነበር። ከ15 ሚሊዮኑ ውስጥ ከተማዋ በጀት ያልያዘችለት 9 ሚሊዮን እንዴት እንደሚሟላ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር፦ በእያንዳንዱ ትኬት ላይ የሚጨመር ክፍያ፣ የመኪና ማቆሚያ ገቢ፣ ከአሬናው የስያሜ መብት (ኩባንያ አሬናው በስሙ እንዲጠራ ከሚከፍለው) ድርሻ። ይህ ዓይነቱ ሠንጠረዥ በምክር ቤት ስክሪን ላይ ሲታይ ያምራል። ትኬት ላይ የሚጨመረው ክፍያ ግን በሰው ቁጥር የሚባዛ ነው። በተመልካች ቁጥር በሊጉ መጨረሻ ላይ የከረመ ቡድን አዳራሹን ይሞላል ብሎ የገመተ ሠንጠረዥ ጉድለቱ የተጻፈው ገና ሲሠራ ነው። እንደተፈራው ገቢው ክፍተቱን አልሸፈነም። መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ አጭር ነው፦ 9 ሚሊዮን እንዲሞላ በጨዋታ ስንት ሰው፣ ስንት መኪና፣ ከጨዋታ ውጪ ስንት የሙዚቃ ዝግጅት ያስፈልጋል? ከዚያ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ቁጥር አጠገቡ ማስቀመጥ። ደግሞም ገቢው ካልደረሰ የሚያሟላው ማን እንደሆነ ማየት፤ አደጋው በማን ላይ እንደወደቀ የሚነግረው ያ መስመር ነው።

ሁለተኛው የተደበቀ ነገር የመውጫ አንቀጹ ነበር። ባለቤቶቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ድምር ኪሳራቸው 50 ሚሊዮን ከደረሰ ውሉን ትተው መሄድ ይችላሉ። ለአምስት ሲካፈል በዓመት 10 ሚሊዮን መሆኑ ነው። በየዓመቱ ከዚያ በላይ ሲከስር ለኖረ ቡድን ይህ ሊደርስበት የሚቸገር ገደብ አይደለም፤ ተጫዋች በመግዛት ብቻ ሊሞላው ይችላል። ስለዚህ በጋዜጣ «የ15 ዓመት ውል» የተባለው በተግባር የአምስት ዓመት ነበር፤ ከተማዋ በበኩሏ እንዲህ ያለ በር አልነበራትም። የውል ዕድሜ የሚነበበው ከሽፋኑ ላይ ሳይሆን ከመውጫው አንቀጽ ነው፤ ኪሳራውን የሚያሰላው ኦዲተር በማን እንደሚመረጥ፣ የባለቤት ብድርና ወለድ እንደ ኪሳራ ይቆጠር እንደሆነም እዚያው ይፈለጋል።

ያም ሆኖ ከተማዋ በር አገኘች፤ ያገኘችውም ውሉ ውስጥ ሳይሆን በግዛቱ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ነው። የአሪዞና ሕግ ቁጥር 38-511 እንደሚለው፣ አንድን ውል በመንግሥት ወገን ሆኖ ከተደራደሩት ወይም ካረቀቁት ዋና ሰዎች አንዱ ውሉ ጸንቶ ሳለ የሌላኛው ወገን ተቀጣሪ ከሆነ፣ መንግሥት ውሉ በተፈረመ በሦስት ዓመት ውስጥ ሊሰርዘው ይችላል። የቀድሞው የከተማዋ ጠበቃ በቡድኑ ተቀጥረው ነበር። በጁን 2015 ምክር ቤቱ በ5 ለ2 ውሉን ሰረዘ። ቡድኑ ወዲያው ፍርድ ቤት ሄደ፤ ነገሩ ግን በሚቀጥለው ወር በድርድር አለቀ። አዲሱ ውል ለሁለት ዓመት ብቻ ሲሆን ክፍያው በዓመት 6.5 ሚሊዮን ሆነ።

ይህን ቁጥር ልብ በሉት። ከተማዋ በ2013 በጀት የያዘችው 6 ነበር። በ2016 የአሬናው አስተዳደር ለኤኢጂ ሲሰጥ፣ ሥራው አሬና ማስተዳደር ብቻ ለሆነ ኩባንያ ማለት ነው፣ የተስማሙበት ክፍያ በዓመት 5.6 ሚሊዮን ነበር። ሦስቱም ተቀራራቢ ናቸው። የአስተዳደሩ እውነተኛ ዋጋ ያ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሄደው ሁሉ ቡድኑ እንዳይሄድ የተከፈለ ነው። እንዲህ ላለ ውል ቀላሉ ፈተናም ይኸው ነው፤ ቡድን የሌለው ኩባንያ ያንኑ ሥራ በስንት ይሠራዋል? ጨረታ አውጥቶ ቁጥሩን ሳያገኝ የሚፈርም ምክር ቤት ልዩነቱን ለሕዝብ ለመንገር አልፈለገም ማለት ነው። ድጎማ መስጠት የፈለገ ከተማ ይስጥ፤ ምርጫው ነው። ስሙን ግን በስሙ ይጥራው።

ማስፈራሪያው እውነት ነው ወይ?

ብዙ ጊዜ አይደለም፤ አንዳንዴ ግን ነው። ክፋቱም ሁለቱን መለየት ማስቸገሩ ነው። ፒትስበርግ ውስጥ የፔንግዊንስ ሆኪ ቡድን ባለቤቶች በ2007 መጀመሪያ ካንሳስ ሲቲንና ላስቬጋስን ጎብኝተው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ለአዲስ አሬና ከካሲኖ ገቢ የሚከፈል ስምምነት አገኙ። ከባለቤቶቹ አንዱ ማሪዮ ለሚዩ በሚቀጥለው ዓመት መሠረት ሲጣል ጉብኝቱ ግፊት ለማሳደር እንደነበርና የመሄድ ሐሳብ እንዳልነበራቸው በግልጽ ተናገሩ። በሌላ ወገን ኩቤክ ሲቲ አለች፤ ኖርዲክስ የተባለው ቡድኗ በ1995 ከክፍለ ሀገሩ መንግሥት ያቀረበው ጥያቄ ተቀባይነት ሲያጣ ተሸጦ ዴንቨር ገባ፤ በዓመቱም ዋንጫ አነሳ። ከሃያ ዓመት በኋላ ከተማዋ በሕዝብ ገንዘብ አዲስ አሬና ሠርታ ከፈተች፤ የኤንኤችኤል ቡድን ግን አልመጣላትም። ሊጉን ያገለገሉት እንዲህ ያሉት ባዶ ቤቶች ናቸው። ካንሳስ ሲቲ በ2007 የከፈተችው አሬናም እስከ ዛሬ ቋሚ ሆኪም ቅርጫት ኳስም የለውም፤ የሌሎች ከተሞችን ምክር ቤቶች ለማስደንገጥ ግን ስሙ ብቻ በቂ ነበር። (አሬናው በኮንሰርት ጥሩ እንደሚሠራ መጨመር ተገቢ ነው።)

መራጩ በቀጥታ ሲጠየቅ ደግሞ ውጤቱ ይለያል። በኒውዮርክ የናሳው ካውንቲ ሕዝብ በኦገስት 2011 ለአይላንደርስ ሆኪ ቡድን አዲስ አሬና የ400 ሚሊዮን ቦንድ ቀርቦለት እምቢ አለ። ቡድኑ ወደ ብሩክሊን ሄደ፤ እዚያ ያገኘው ቤት ደግሞ እንደ ፊኒክሱ ለቅርጫት ኳስ የተሠራ ሆኖ አልተመቸውም። በ2021 ተመልሶ እዚያው ካውንቲ ውስጥ፣ በአብዛኛው በግል ገንዘብ የተሠራ አሬና ገባ። የካናዳ ፌዴራል መንግሥትም በጃንዋሪ 2000 የአገሪቱን ሆኪ ቡድኖች እደጉማለሁ ብሎ አውጆ፣ የሕዝቡ ቁጣ ስላየለበት በሦስት ቀን ውስጥ አጠፈው።

ስለ ኢኮኖሚው ጥቅም ብዙ ማለት አያስፈልግም። የስፖርት ኢኮኖሚን የሚያጠኑ ሰዎች ለአሥርት ዓመታት የሚደጋግሙት አንድ ነገር ነው፤ ለሆኪ የሚወጣው ገንዘብ በአብዛኛው ለሲኒማ ወይም ለእራት ሊወጣ የነበረ ነው፤ ከተጫዋች ደመወዝ ብዙው ደግሞ ከከተማው ውጪ ይወጣል። ከ365 ቀን 41 ማታ ብቻ የሚጫወት ቡድን የሬስቶራንት ሠራተኛን ዓመቱን ሙሉ አያኖርም።

ግሌንዴል በኦገስት 2021 ኪራዩን እንደማታድስ አስታወቀች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ቡድኑ ያልተከፈለ ታክስ አለበት ተብሎ ከአሬናው እንዲወጣ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ ከፍሎ ተረፈ። ከዚያ በቴምፒ ከተማ ባለ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሬና፣ 5 ሺህ ሰው በማይሞላ አዳራሽ፣ ሁለት ዓመት ተጫወተ። በሜይ 2023 የቴምፒ መራጮች በቀድሞ የቆሻሻ መጣያ ቦታ ላይ ሊሠራ የታሰበውን የ2.1 ቢሊዮን መንደርና አሬና በሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ተጠይቀው ሦስቱንም ጣሉ። ባለቤቶቹ ግንባታው በግል ገንዘብ ነው ሲሉ፣ ተቃዋሚዎቹ በሚሰጠው የንብረት ታክስ እፎይታ ላይ ነበር የተከራከሩት፤ ያልተሰበሰበ ታክስም ወጪ ነው። በኤፕሪል 2024 ተጫዋቾቹና የሆኪው ሥራ በ1.2 ቢሊዮን ለባለሀብቱ ራያን ስሚዝ ተሽጠው ወደ ዩታ ተወሰዱ። እዚያም ሶልት ሌክ ሲቲ የሽያጭ ታክሷን በግማሽ በመቶ ነጥብ ከፍ አድርጋ እስከ 900 ሚሊዮን ለአሬናውና ለአካባቢው ልታውል አጸደቀች።

በ2009 140 ሚሊዮን፣ በ2013 170 ሚሊዮን፣ በ2024 1.2 ቢሊዮን። ቡድኑ በየዓመቱ እየከሰረ ዋጋው ግን እንዲህ አድጓል፤ ሊጉ ውስጥ ያለ መቀመጫ ውስን ስለሆነ ባለቤቱ የሚያተርፈው ሲሸጥ ነው። በክፉው ዘመን ኪሳራውን የሸፈነችው ግሌንዴል ከ1.2 ቢሊዮኑ የደረሳት ሳንቲም የለም። ለዚህ የሚሆን አንቀጽ አዲስ ፈጠራም አልነበረም። ሚኒሶታ በ2006 ለቤዝቦል ቡድኗ ስታዲየም ባወጣችው ሕግ፣ ቡድኑ ቶሎ ከተሸጠ ከሽያጩ ዋጋ ከ18 በመቶ ጀምሮ በ10 ዓመት ውስጥ ወደ ዜሮ የሚወርድ ድርሻ ለሕዝብ እንዲመለስ አስገድዳለች። የሆኪ ሊጉ የግሌንዴልን የመጀመሪያ 25 ሚሊዮን ሲጠይቅ ያ ሕግ አራት ዓመት ሞልቶት ነበር።